የቦራ እብጠት

ጫጫ ከተማ፣ የከብት ክሊኒክ፣ የፋሲካ ገበያ ሲቃረብ አንድ ማለዳ፤ የከብት ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ብቻዋን ሳለች የታናሽ እህቷ የምንትዋብ እጮኛ፣ በሬ አድላቢው ጥጋቡ፣ እግሩን አንፈራጦ እየተራመደ ይገባል።

ጥጋቡ፦ ዶክተር፣ ትናንት የሰጡኝ ቅባት መድኃኒት ነው ወይስ በርበሬ?

ትርሲት፦ መጀመሪያ እንዴት አደሩ ይባላል።

ጥጋቡ፦ ማን አደረ! ሌሊቱን ሙሉ ሲቃጠል ነው የነጋው።

ትርሲት፦ ማን ነው የተቃጠለው?

ጥጋቡ፦ ቦራ ነዋ! በሬው። ለሱ አይደል የሰጡኝ?

ትርሲት፦ ቦራ ሳይተኛ አደረ። አንተ ታዲያ ዓይንህ ለምን ቀላ?

ጥጋቡ፦ ሳስታምመው አድሬ ነዋ። በሬ ታሞ ይተኛል እንዴ?

ትርሲት፦ ቅባቱ ያሞቃል ብዬህ ነበር እኮ። ቀንበር የመታው አንገት ሙቀት ካላገኘ አይሟሽሽም። እንዳልኩህ በስሱ ቀባኸው?

ጥጋቡ፦ ቶሎ እንዲለቀው ብዬ ትንሽ ወፈር አደረግሁት።

ትርሲት፦ አይ ጥጋቡ! በል ና ተቀመጥ።

ጥጋቡ፦ ቆሜ ይሻለኛል።

ትርሲት፦ ወንበሩ አሁን ነው የተወለወለው።

ጥጋቡ፦ ወንበሩ ምንም አይወጣለትም። መቆም ደስ ስላለኝ ነው።

ትርሲት፦ ስትገባ ደግሞ አረማመድህ በጭኖቹ መሃል እንስራ የያዘ ሰው አረማመድ ነበር።

ጥጋቡ፦ ቦራ ረግጦኝ ነው።

ትርሲት፦ የረገጠህ እግርህን፣ የምታነክሰው ከወገብህ። እሺ። ቅባቱን ሲነካው ምን ሆነ?

ጥጋቡ፦ ዘለለ። ግቢውን ሁለቴ ዞረው። ከዚያ በባልዲ ውኃ ደፋበት።

ትርሲት፦ ማን ነው የደፋው?

ጥጋቡ፦ እኔ! እኔ ደፋሁበት። እምቢ ሲል ደግሞ እርጎ ቀባሁት።

ትርሲት፦ በሁዳዴ እርጎ ከየት አገኘህ?

ጥጋቡ፦ ከጎረቤት። ለመድኃኒት ነው ብዬ ምዬ፣ ተገዝቼ።

ትርሲት፦ እርጎው ባያድነውም እሳቱን ሳያበርድለት አይቀርም። ለመሆኑ እብጠቱ አንገቱ ላይ በየት በኩል ነው?

ጥጋቡ፦ አንገቱ ላይ ነው መች አልኩ?

ትርሲት፦ «በሬው አብጧል፣ የሚቀባ ይስጡኝ» ብለህ እየሮጥክ ሄድክ። የእርሻ በሬ ሲያብጥ አንገቱ ነው ብዬ ሰጠሁህ። የት ነው ታዲያ?

ጥጋቡ፦ ወደ ታች ነው።

ትርሲት፦ ደረቱ ላይ?

ጥጋቡ፦ ወደ ታች ይውረዱ።

ትርሲት፦ እምብርቱ ጋ?

ጥጋቡ፦ ትንሽ ወደ ኋላ።

ትርሲት፦ ጭራው ሥር?

ጥጋቡ፦ አሁን አለፉት።

ትርሲት፦ በኋላ እግሮቹ መሃል ነው የምትለኝ?

ጥጋቡ፦ እንግዲህ የተማሩት እርስዎ ነዎት። ስሙንም እርስዎ ይጥሩት።

ትርሲት፦ ቆለጡ ላይ።

ጥጋቡ፦ ኧረ ዶክተር፣ በሩ ክፍት ነው!

ትርሲት፦ የከብት ክሊኒክ ውስጥ ነህ፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ ሲጠራ የሚውለው እሱ ነው።

ጥጋቡ፦ ቢሆንም ፍሬው እንበለው። ለጆሮ ይሻላል።

ትርሲት፦ ፍሬው እንበለው። የግራው ነው የቀኙ?

ጥጋቡ፦ የቀኙ።

ትርሲት፦ መቼ አየኸው?

ጥጋቡ፦ ሲታጠብ።

ትርሲት፦ በሬው ሲታጠብ።

ጥጋቡ፦ ሳጥበው ማለቴ ነው። ለፋሲካ ገበያ አማረ እንዲባል።

ትርሲት፦ ቦራ የአባትህ የእርሻ በሬ አይደል? ለየትኛው ገበያ ነው የሚኳለው?

ጥጋቡ፦ ገበያ ባይወጣም ንጽሕና ይወዳል።

ትርሲት፦ ጥጋቡ፣ በሩን ዝጋው።

ጥጋቡ፦ ለምን?

ትርሲት፦ ዝጋውና ወደዚህ ና። እዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ጉጠት ይታይሃል?

ጥጋቡ፦ ከገባሁ ጀምሮ እንዳላየው ፊቴን አዙሬ ነው የቆምኩት።

ትርሲት፦ ካቻምና እህል ከገባ በኋላ ያንን ጉጠት ይዤ እናንተ ግቢ መጣሁ። አባትህ ቀንዱን ያዙ፣ አንተ ጭራውን ያዝክ። ልክ ጉጠቱ ሲገጥም ዓይንህን ጨፈንክ፣ ጉልበትህን ገጠምክ፣ «ወይኔ እናቴ!» ብለህ ጮህክ። በሬው ዝም ብሎ አንተን ነበር ዞሮ ያየህ።

ጥጋቡ፦ እሱ ሌላው በሬ፣ ዳለቻው ነበር።

ትርሲት፦ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ዳለቻ አላውቅም። ቦራ ነበር። እኔው በእጄ ነው ያኮላሸሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬው ደርቆ ኩምሽሽ ብሏል። እንኳን ሊያብጥ፣ ፈልጎ ለማግኘትም መነጽር ያስፈልጋል።

ጥጋቡ፦ ታዲያ አይገርምም? ያ ሁሉ ደርቆ እንደገና ሲያብጥ?

ትርሲት፦ ጥጋቡ።

ጥጋቡ፦ አቤት።

ትርሲት፦ ሌሊቱን ሲቃጠል ያደረው የማን ነው?

ጥጋቡ፦ እትዬ ትርሲት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ትርሲት፦ የምትውጥህ መሬት አንፈራጠህ ቆመህ አትመቻትም። አሁንም ያቃጥላል?

ጥጋቡ፦ በረድ ብሏል። ጠዋት በሳሙና ታጥቤዋለሁ። እየሳቁ ነው?

ትርሲት፦ አልሳቅሁም። ጉንፋን ይዞኝ ነው።

ጥጋቡ፦ ጉንፋን እንባ ያስወጣል?

ትርሲት፦ የዘንድሮው ያስወጣል። ግን እግዚአብሔር ያሳይህ፣ የበሬ መድኃኒት! ጤና ጣቢያው እዚህ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው እኮ።

ጥጋቡ፦ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ማን ናት? የክርስትና እናቴ። «የኔ ልጅ፣ ምንህን ነው ያመመህ?» ብላ በመስኮቷ ብቅ ስትል ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል። ምን ልበላት? ደግሞ እኔ ዝቅ አድርጌ ብነግራት እሷ ከፍ አድርጋ ነው የምትደግመው። እዚህ ግን አድላቢ ሲገባ ማን ይጠረጥራል?

ትርሲት፦ ቆይ፣ ቆይ። ሠርጉን ወደ መስከረም ይዛወር ያልከው በዚህ ነው?

ጥጋቡ፦ የቤቱ ጣሪያ ስላልተመታ ነው።

ትርሲት፦ ጣሪያው ተመቶ ዝናብ ወርዶበታል። ባለፈው ቅዳሜ ባሌ ማንደፍሮ ከሥሩ ተጠልሎ ነበር።

ጥጋቡ፦ ከጎን ትንሽ ይቀረዋል።

ትርሲት፦ ጣሪያ ከጎን! ምንትዋብ ስታለቅስ ከረመች፣ ታውቃለህ? ሸኖ ሌላ ሴት አለችው ብላ ደምድማለች።

ጥጋቡ፦ ሴት? እኔ? ሸኖ የማውቀው ፉርሽካ የሚሸጡትን ሽማግሌ ብቻ ነው!

ትርሲት፦ ስም ሁሉ አውጥታላታለች። መልኳንም ታውቃለች። ቀጭን ናት አሉ፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው።

ጥጋቡ፦ ምነው እውነት ሴት በሆነ! ሴት ብትሆን በሽማግሌ ያልቅ ነበር።

ትርሲት፦ እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፣ ይህን በደንብ ስማኝ። አላይህም፣ አልነካህም፣ መድኃኒትም አልሰጥህም። ለማን እንደምትታይና ምን ያህል መፍጠን እንዳለብህ ግን ልነግርህ እችላለሁ። የምጠይቅህን እውነቱን መልስልኝ።

ጥጋቡ፦ የምንትዋብ ታላቅ ፊት ስለ ራሴ አፌን አልከፍትም። ቢገድሉኝም አልከፍትም።

ትርሲት፦ ስለ ማን ትከፍታለህ?

ጥጋቡ፦ ስለ ቦራ።

ትርሲት፦ ጥሩ፣ ስለ ቦራ እናውራ። ቦራን ያመዋል?

ጥጋቡ፦ ከትናንቱ ቅባት በፊት ምንም አላመመውም። ስለዚህ ቦራ ደህና ነው። በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ትርሲት፦ አላለቀም። በድንገት ወጥሮ የያዘው፣ የሚያስታውክ ከባድ ሕመም መጥቶበት ያውቃል?

ጥጋቡ፦ የለም።

ትርሲት፦ እንዲህ ያለ ቢመጣ ጠዋት አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን መኪና ተለምኖ ሆስፒታል ነው። ፍሬው በራሱ ተጠማዝዞ ደም ሊያጣ ይችላል፤ ያኔ የሚቆጠረው ሰዓት ነው፣ ቀን አይደለም። ቦራ ይህን ይያዝ።

ጥጋቡ፦ ይዟል። ቦራ ሌላም ጥያቄ አለው። አንደኛው ከአንደኛው ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉስ?

ትርሲት፦ ጤና ነው። የአብዛኛው ወንድ እንደዚያ ነው። መጠናቸውም ትንሽ ቢለያይ አያስደነግጥም።

ጥጋቡ፦ ተመስገን! በዚህኛው ብቻ ዐሥር ቀን አልተኛሁም።

ትርሲት፦ ማን ነው ያልተኛው?

ጥጋቡ፦ ቦራ።

ትርሲት፦ አሁን እብጠቷ። ከፍሬው ኋላ እንደ ገመድ ያለ ለስላሳ ነገር አለ። ብዙ ወንድ እሱን ዳስሶ በሽታ ይመስለዋል። እሱ የተፈጥሮ ነው፤ የዘር ቧንቧ ነው። እሱን ነው የዳሰስከው? የዳሰሰው?

ጥጋቡ፦ እሱንማ ቦራ ያውቀዋል። በሁለቱም በኩል አለ። ይቺ ሌላ ናት።

ትርሲት፦ ከፍሬው በላይ ወይ ከኋላው ለብቻዋ የተንጠለጠለች፣ ውኃ የቋጠረች የምትመስል ናት? እንደሱ ያለች ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለችም። ወይስ ሲቆም የሚበዛ፣ ሲተኛ የሚጠፋ፣ ትል የሞላው ከረጢት የሚመስል ነው? እሱ የደም ሥር መወጠር ነው፤ እሱም አይገድልም።

ጥጋቡ፦ አዎ፣ የመጀመሪያዋ ናት! ውኃ የቋጠረችው። ለብቻዋ የተንጠለጠለችው። ለስላሳ፣ ልስልስ ያለች። እንግዲህ ልሂድ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ትርሲት፦ ምነው ቸኮልክ? ትንሽ ነገር ልይ። ከንፈርህን ንካ።

ጥጋቡ፦ የኔን?

ትርሲት፦ የቦራ እዚህ የለም። ከንፈርህን ንካ። አሁን የአፍንጫህን ጫፍ ንካ። አሁን ደግሞ ግንባርህን። እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት ጥንካሬ የላቸውም። እብጠቷ የቷን ትመስላለች? አትንገረኝ። እጅህን ብቻ እዚያ ላይ አድርግ።

ጥጋቡ፦ እንዲህ ያለ ነገር ቤተ ክርስቲያን ነው የማውቀው።

ትርሲት፦ አድርግ።

ጥጋቡ፦ ይኸው።

ትርሲት፦ ለስላሳ ናት አልከኝ አይደል?

ጥጋቡ፦ አዎ።

ትርሲት፦ ታዲያ እጅህ ግንባርህ ላይ ምን ይሠራል?

ጥጋቡ፦ አልቦኝ ነው።

ትርሲት፦ ጥጋቡ፣ ጠንካራ ናት?

ጥጋቡ፦ ሽንብራ ታህላለች። እንደ ጥሬ ሽንብራ ትጠነክራለች።

ትርሲት፦ ለብቻዋ ናት ወይስ ከፍሬው ከራሱ ጋር?

ጥጋቡ፦ ከራሱ ጋር። ውስጡ የበቀለች ትመስላለች። ልለያት ብል አትለይም። እትዬ፣ ፊትዎ ለምን ተለወጠ? አሁን እየሳቁ አልነበረም?

ትርሲት፦ ጉንፋኑ ለቀቀኝ።

ጥጋቡ፦ አያስፈራሩኝ እንጂ! አያመኝም እኮ! ቢያመኝ እሺ። እኔ የማውቀው በሽታ የሚያም ነው።

ትርሲት፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እዚያ ቦታ የሚያመው ብዙ ጊዜ ቁስለት ወይ ኢንፌክሽን ነው፤ ጮሆ ሐኪም ዘንድ ይወስድሃል። ሳያም ዝም ብሎ ፍሬው ላይ የሚጠነክረው ነው ቶሎ የሚታየው። ክፉ ነው አላልኩም። ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን እኔም አንተም በእጃችን ዳስሰን አንለየውም። ሆስፒታል አልትራሳውንድ አለ፤ ለነፍሰ ጡር የሚያደርጉት፣ ጄል ቀብተው በቴሌቪዥን የሚያዩት ነው። አያምም።

ጥጋቡ፦ ጄሉ ያቃጥላል?

ትርሲት፦ ይቀዘቅዛል። ካገኘኸው ሁሉ ያንተ ወዳጅ የሚሆነው እሱ ነው።

ጥጋቡ፦ ሞተር ሳይክል መንዳቱ ነው እኮ ያመጣብኝ። ወይ ያ ጠባቡ ጂንስ። ምንትዋብ ናት ያምርብሃል ያለችኝ።

ትርሲት፦ ሞተሩም ጂንሱም አላመጡትም። እህቴንም ከዚህ አውጣት። መቼ ነው ያየኸው?

ጥጋቡ፦ ጾሙ ከመግባቱ በፊት።

ትርሲት፦ ጾሙ ሊያልቅ ነው እኮ!

ጥጋቡ፦ ከጾሙ ጋር አብሮ ይወጣል ብዬ ነበራ። ሥጋ ሳልበላ ምን በልቶ ያድጋል አልኩ።

ትርሲት፦ አደገ?

ጥጋቡ፦ መጀመሪያ ምስር ታህል ነበር።

ትርሲት፦ ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትሄዳለህ።

ጥጋቡ፦ ከፋሲካ በኋላ። ስምንት ሰንጋ ታስሮ ገበያ እየጠበቀኝ ነው።

ትርሲት፦ ሰንጋዎቹ የትም አይሄዱም። ነገ።

ጥጋቡ፦ የከብት ሐኪም ሆነው ይህን ሁሉ የሰው ነገር ከየት ያውቁታል?

ትርሲት፦ አነባለሁ።

ጥጋቡ፦ መጽሐፉ ከሄድኩ በኋላ ምን እንደሚያደርጉኝም ይላል?

ትርሲት፦ ያዩሃል፤ ደም ይወስዳሉ። ክፉ ያልሆነ ከሆነ ስቀህ ትመለሳለህ። ክፉ ከሆነ ያንኑ አንዱን ያወጡታል። ቶሎ ከተደረሰበት ከዚህ በሽታ ብዙ ሰው ይድናል፤ ከሌሎቹ የካንሰር ዓይነቶች ይልቅ ይሄኛው እጅ ይሰጣል።

ጥጋቡ፦ ያወጡታል።

ትርሲት፦ አንዱን።

ጥጋቡ፦ እትዬ፣ ለሌላ ሰው ይንገሩት፤ ለኔ ግን አይንገሩ። እኔ ሥራዬ ምንድን ነው? የተኮላሸ በሬ ማደለብ ነው። ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። መጀመሪያ ጠቡን ይተዋል። ከዚያ አንገቱ ይሳሳል። ከዚያ ላሟ አጠገቡ ስታልፍ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ድርቆሹን ያመነዥካል። ከዚያ ጎኑ ይሞላል፣ ሻኛው ይቆማል፣ ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች መጥተው ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል። እንዲህ ሆኜ ነው ምንትዋብን የማገባት? ጎረቤት መጥቶ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገኝ?

ትርሲት፦ አንተን ለቅርጫ የሚፈልግህ የለም። አጥንትህ ይበዛል።

ጥጋቡ፦ ይቀልዳሉ!

ትርሲት፦ አልቀለድኩም። ቦራን ያኮላሸሁት ሁለቱንም ነው። አንዱ ብቻ ሲወጣ የቀረው የሁለቱን ሥራ ይሠራል። ድምፅም አይቀጥንም፣ ጢምም አይረግፍም፣ ልጅም ይወለዳል። የወይዘሮ ጥሩወርቅን ሙክት... ሙክት አልኩ እንዴ? አውራውን በግ ማለቴ ነው። ባለ አንድ ፍሬ ነው፤ የሰፈሩ ጠቦት ሁሉ ግን እሱን ይመስላል።

ጥጋቡ፦ አንደበትዎ እንኳ አውራውን በግ ሙክት ነው ያለው! ይኸው፣ አንዱ ከጎደለ ስሙም አብሮ ይጎድላል።

ትርሲት፦ የተኛሁት ትንሽ ነው።

ጥጋቡ፦ ሰው ከሰማ በኋላ በምን ዓይን ነው የማየው? ጋሽ ማንደፍሮ ቢሰማስ? እሱ እኮ ሸኖ ገበያ ላይ ኮርማ ብሽሽቱን ወግቶት፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ቀንዱን ይዞ ኮርማውን አስተኝቶ፣ በእግሩ እየሄደ ቤቱ የገባ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሽንብራ የምታህል እብጠት ፈርቼ በአባቴ በሬ ስም መድኃኒት የምሰርቅ።

ትርሲት፦ በእግሩ ነው የገባው አለህ?

ጥጋቡ፦ እየዘፈነ።

ትርሲት፦ ዘፈኑን ለኔ አልነገረኝም። ኮርማው ምን ዓይነት ነበር አለህ?

ጥጋቡ፦ ቀይ።

ትርሲት፦ ለዕድር ሰዎች ጥቁር ነበር ያላቸው።

ጥጋቡ፦ ሲናደድ ጠቁሮ ይሆናል። እሱን ይተዉት። የኔን ነገር ልጨርስልዎ፤ ሠርጉ ይቅር። ምንትዋብ ታልቅስና ይውጣላት። ሸኖ ያለችዋን ፍንጭቷን አገባ ብለው ይንገሯት። እኔ ሞላልኝም ጎደለብኝም እዚሁ ከሰንጋዎቼ ጋር እሆናለሁ።

ትርሲት፦ በሽታ መሆኑን ሳታውቅ ፈታሃት ማለት ነው? ሳታገባ?

ጥጋቡ፦ አውቆ ከመፍታት ይሻላል።

ትርሲት፦ አባትህ በሬ ሲያብጥ ሳያሳዩ ለቅርጫ ይሰጡታል?

ጥጋቡ፦ አይሰጡም።

ትርሲት፦ የት ያመጡታል?

ጥጋቡ፦ እርስዎ ዘንድ።

ትርሲት፦ እስቲ አንተም በአባትህ ቤት እንደ አንድ በሬ ተቆጠር።

ጥጋቡ፦ አልሄድም እትዬ። ይልቅ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አንድ ሰው ይጥሩልኝ። አንዱ ወጥቶለት እንደ ወንድ የቆመ። በግ አይደለም፤ ሰው። ያውም መጽሐፍ ላይ ያለ ፈረንጅ አይደለም፤ በዓይኔ የማውቀው። ስሙን ከነአባቱ ይጥሩልኝ፣ አሁኑኑ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ትርሲት፦ የሰው ምስጢር ነው። አይጠራም።

ጥጋቡ፦ ያው የለም ማለት ነው።

ትርሲት፦ አለ።

ጥጋቡ፦ ካለ ይጠራ ነበር። በሉ ደህና ይዋሉ። ቅባቱን መልሼልዎታለሁ፤ ገና ግማሽ ነው። ለጠላትዎ ይስጡት።

ትርሲት፦ ጥጋቡ፣ በሩን ልቀቀው።

ጥጋቡ፦ ለቀቅሁት።

ትርሲት፦ ወደዚህ ቀረብ በል። ማንደፍሮን ኮርማው የወጋው መቼ ነበር?

ጥጋቡ፦ ምን አገናኘው?

ትርሲት፦ መልስ።

ጥጋቡ፦ ትልቋ ልጃችሁ ዳዴ ስትል። ሠፈሩ ሁሉ አብሮ ነው የሚያስታውሰው፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሰንብቶ መጥቶ በግ ታርዶለታል።

ትርሲት፦ ከዚያ በኋላ ማን ተወለደ?

ጥጋቡ፦ መንትዮቹ።

ትርሲት፦ ጠባሳውን አይተኸዋል?

ጥጋቡ፦ ወንዝ ስንታጠብ ሁሌ ነው የሚያሳየን። ብሽሽቱ ላይ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር።

ትርሲት፦ አንተ በበሬ መሃል ያደግክ ሰው ነህ። ቀንድ ሲወጋ እንዴት ነው ቁስሉ?

ጥጋቡ፦ ይበጫጭቃል። ይዘነጥላል።

ትርሲት፦ በማስመሪያ ይቆርጣል?

ጥጋቡ፦ ኧረ ቀንድ ማስመሪያ... ሐኪሞቹ ሲሰፉት አስተካክለውት ነው የሚሆነው። አይደለም እንዴ? እትዬ?

ትርሲት፦ ፍሬ ሲወጣ ከታች አይነካም። ብሽሽት ላይ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። ቀጥ ያለ ጠባሳ ይተዋል።

ጥጋቡ፦ ኮርማው... እዚያው በኩል ወግቶት...

ትርሲት፦ ኮርማ አልነበረም።

ጥጋቡ፦ ቀዩ?

ትርሲት፦ አልነበረም።

ጥጋቡ፦ ጥቁሩስ?

ትርሲት፦ ገበያም አልነበረም። ሽንብራ የምታህል ነገር ነበረች። በየዓመቱ ሰንጋ ልይ ብሎ አዲስ አበባ የሚሄደውም ሰንጋ ሊያይ አይደለም። ሐኪሞቹ ሊያዩት ነው። ደህና ነህ እያሉ ይመልሱታል። መጽሐፍ ብቻ አይደለም ያነበብኩት።

ጥጋቡ፦ ጋሽ ማንደፍሮ? ያ ሙሉ ጆንያ ስኳር ባንድ ትከሻው የሚሸከመው? መንታ የወለደው? ባንድ?

ትርሲት፦ ባንድ።

ጥጋቡ፦ እግዚኦ! እኔ እኮ ያንን ታሪክ ለስንቱ ነግሬአለሁ! ቀንዱን እስከዚህ ድረስ ያረዘምኩት እኔ ነኝ! ዘፈኑን የጨመርኩትም እኔ ነኝ!

ትርሲት፦ አውቄ ነበር። እሱ ዜማ አይችልም።

ጥጋቡ፦ እና እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም?

ትርሲት፦ ኮርማው ቤታችን ሲገባ ሲወጣ ለመድነው። ዛሬ የነገርኩህ ግን ያቺን ሽንብራ ቤቴ አይቻት ስለማውቃት ነው። ይህ ወሬ ከዚህ በር ከወጣ ያንን ጉጠት...

ጥጋቡ፦ ገባኝ! ጉጠቱን አይጥሩት፣ ገባኝ። እናቴ ትሙት አይወጣም።

ትርሲት፦ ስም ከነአባቱ ብለህ ነበር። ማንደፍሮ አሰፋ። የደብረ ብርሃን መኪና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ጥጋቡ፦ ሰፊ ሱሪ አለኝ መሰለኝ።

ትርሲት፦ ጂንሱን ተወው።

ጥጋቡ፦ እትዬ፣ ለምንትዋብስ? እሷ ፍንጭቷን ሴት ይዛ ተቀምጣለች። ምን ብያት ልሂድ?

ትርሲት፦ ያለውን ንገራት። ዛሬውኑ። ከፈለገች አብራህ ትሳፈራለች፣ ካልፈለገች ያኔ ሠርጉን ይቅር በል። ሳትጠይቃት ግን አትወስንላት።

ጥጋቡ፦ አፌ አይደፍርም። ትንሽ ላስውበው? እኔንም፣ ለምሳሌ፣ ከሰንጋዎቼ አንዱ ብሽሽቴን ወግቶኝ...

ትርሲት፦ አይሆንም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ኮርማ ይበቃል።